ልጄ ለአሜሪካ ኮሌጆች ልታመለክት ነው፤ የትኞቹን እንምረጥ?

መምህሩ ከማርቆስ፦

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከክፍሏ አንደኛ ወይም ሁለተኛ እየወጣች እዚህ ደርሳለች። ሒሳብና ፊዚክስ ትወዳለች፤ የትምህርት ቤታችን የድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ፈትታ የጠገነችው እርሷ ናት። መማር የምትፈልገው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው።

አሜሪካ ሄዳ የመማር ሐሳብ ካደረባት ቆይቷል። ሰሞኑን በደብተሯ ጽፋ ያሳየችኝ ዝርዝር ይህ ነው፦ ሃርቫርድ፣ ኤም አይ ቲ፣ ስታንፎርድ፣ ኮርኔል፣ በርክሌይ፣ ሚሺጋን እና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን። ስማቸው የተጠራ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔና የባለቤቴ ገቢ ተደምሮ ግን በወር ከ20 ሺህ ብር አያልፍም። የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ 75 ወይም 90 ዶላር ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። በከተማችን አማካሪ ነኝ የሚል አንድ ሰው ደግሞ 80 ሺህ ብር ብከፍለው ቅበላውን ከነነጻ ትምህርት ዕድሉ እንደሚያስጨርስልኝ ነግሮኛል። ቨርጂኒያ ያለው የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ፣ «እኔ ጋ ትምጣና በአቅራቢያዬ ባለው ኮሌጅ ትጀምር» ይላል።

የልጄን ተስፋ መስበር አልፈልግም፤ በከንቱ እንድትደክምም አልፈልግም። ይህን መንገድ የሄዳችሁበት ካላችሁ፣ ዝርዝሩን ስትመርጡ ከምን ተነሣችሁ?


ወለተ ወሎ፦

መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምልዎት ለዚያ ሰው አንዲት ብር እንዳይከፍሉ ነው። ቅበላ የሚሰጠው ኮሌጁ ብቻ ነው፤ በመሐል ገብቶ የሚያስጨርስ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ድርሰቱን ራሱ ጽፎ፣ የክፍል ውጤቱን አሳምሮ መላክ ነው። የተጭበረበረ ሰነድ ሲገኝ ቅበላው ይሰረዛል፤ ጉዳዩ እስከ ቪዛው ድረስ ተከትሏት ሊሄድ ይችላል። ምክር ካስፈለገ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለ፤ ምክሩ በነጻ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በማሳቹሴትስ በሚገኘው ማውንት ሆልዮክ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተምሬ እዚሁ ግዛት ውስጥ እሠራለሁ። በየዓመቱ ከአገር ቤት የሚያመለክቱ ልጆችን ዝርዝር አያለሁ፤ ከልጅዎ ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

ከሰባቱ ሦስቱን፣ ማለትም በርክሌይን፣ ሚሺጋንንና ቴክሳስን ዛሬውኑ ያውጧቸው። ትምህርታቸው ድንቅ ነው። ነገር ግን የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ቅድሚያቸው የግዛቱ ግብር ከፋይ ልጅ ነው። ከውጭ አገር ለሚመጣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የቤተሰቡን ችግር አይተው የሚሰጡት ድጋፍ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያስከፍሉትም ከፍተኛውን ዋጋ ነው። ልጅዎ ብትቀበል እንኳ ደብዳቤውን ይዛ ማልቀስ ነው የሚተርፋት። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ለተማሪዎች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍም የተማሪ ቪዛ ያለውን አይመለከትም።

ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ከዚህ ይለያሉ። የውጭ ተማሪ ሲያመለክት የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ይወስናሉ፤ ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ሁሉ ይሸፍናሉ። እነርሱ ይህን አሠራር ኒድ ብላይንድ ይሉታል። ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ዳርትመዝ፣ ብራውን፣ አምኸርስትና ቦውዶይንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሆኖም ሃርቫርድ ካመለከቱት መቶ ሰዎች የሚቀበለው አራት ያህሉን ነው፤ ኤም አይ ቲ ለውጭ ተማሪዎች ከዚህም ይጠብባል። ስታንፎርድና ኮርኔል ለተቀበሉት ልጅ በቂ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን የውጭ አመልካች ድጋፍ መጠየቁ በውሳኔው ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ የልጅዎ ዝርዝር ላይ ሦስት የማይከፍሉላትና አራት እጅግ ጠባብ በሮች ናቸው ያሉት። መካከሉ ባዶ ነው። የእኛ አገር ልጅ ዕድል ደግሞ የሚገኘው በዚያ መካከል ነው፤ ስማቸው አዲስ አበባም ደብረ ማርቆስም በማይነሣ፣ ሁለት ሺህ ያህል ተማሪ ብቻ ባላቸው፣ ነገር ግን ብዙ ሀብት ባከማቹ የግል ኮሌጆች። የግሪኔልን ስም ሰምተው ያውቃሉ? በአዮዋ የበቆሎ እርሻዎች መካከል ያለ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ኖይስ በ1949 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ከዚያ ነው። ሚኒሶታ ያለው ማካሌስተር የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ኮፊ አናን የተማረበት ኮሌጅ ነው። እነዚህ ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን በብዛት ይቀበላሉ፤ ለተቀበሉትም ይከፍላሉ።

ምህንድስና ለምትፈልግ ልጅ ግን ጥንቃቄ አለው። ከትናንሾቹ ኮሌጆች አብዛኞቹ ምህንድስና የላቸውም። ያላቸውን ይፈልጉ፦ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ስዋርዝሞርና ላፋዬት፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስሚዝ። ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ በአሜሪካ ከሴቶች ኮሌጆች ሁሉ የራሱን የምህንድስና ትምህርት በመክፈት የመጀመሪያው ነው። ትልልቅ ከሚባሉት መካከል ዳርትመዝና ብራውን ምህንድስና አላቸው። «ሦስት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት ሌላ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ጥምር ፕሮግራም ካዩ አስቀድመው በኢሜይል ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ኮሌጅ ድጋፍ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም፤ የውጭ ተማሪ እዚያ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። አብዛኞቹ ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ቃል ጋር አድርጋ ጎግል ላይ ትፈልገው። ክፍል ኤች ውስጥ ቁጥር 6 ላይ ስንት የውጭ ተማሪዎች ድጋፍ እንዳገኙና ለአንዱ በአማካይ ስንት ዶላር እንደደረሰው ተጽፏል። ክፍል ቢ ላይ ደግሞ ኮሌጁ በአጠቃላይ ስንት የውጭ ተማሪ እንዳለው አለ። ሁለቱን ታስተያይ። ከ300 የውጭ ተማሪዎች 250ው ድጋፍ የሚያገኙበትና አማካዩ 70 ሺህ ዶላር የሆነበት ኮሌጅ ለእናንተ ነው። ከ3 ሺህ ውስጥ 40ው ብቻ የሚያገኙበት ለእናንተ አይደለም፤ በድረ ገጹ ላይ «ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለን» ብሎ ቢጽፍም። አማካዩን ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ጋር ማስተያየት አይርሱ፤ ዛሬ በብዙ የግል ኮሌጆች ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር አልፏል። «የ25 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ» የሚል የደስታ ደብዳቤ ሲመጣ የቀረውን ማን ይከፍላል ብለው ይጠይቁ።

ልጅዎ በሒሳብ ጎበዝ ናት ብለዋል። ይህን ሠንጠረዥ ራሷ ትሥራው። ስሞቹ ያኔ ራሳቸው ይለያያሉ።


ከቤርያ የወጣሁ፦

ወለተ ወሎ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ አንድ ስም ልጨምር፤ ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤርያ ኮሌጅ። በ1855 እ.ኤ.አ. የባርነት ተቃዋሚዎች የመሠረቱት ነው፤ በደቡቡ ክፍል ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት አብረው የተማሩበት የመጀመሪያው ኮሌጅ እርሱ ነው። ከማንም የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። በምትኩ ተማሪ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ እኔ መጥረጊያ በሚሠራበት የእጅ ጥበብ ክፍል ሠርቻለሁ። ለውጭ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት መኝታውንና ምግቡንም ይሸፍናል፤ በተከታዮቹ ዓመታት በበጋ ዕረፍት ሠርቶ ከሚቆጠብ ገንዘብ ትንሽ መጨመር አለ።

ሁለት ነገር ግን ይወቁ። በየዓመቱ የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከአንድ አገር ብዙ አይወስድም። ልጅዎ የምትፈልገው ዓይነት የኤሌክትሪክ ምህንድስናም የለውም፤ ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ አሉ። እነዚህን ተምራ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ምህንድስና መሻገር ትችላለች፤ አብረውኝ ከተማሩት ይህን ያደረጉ አሉ።


ነዋሪነቴ አሌክሳንድርያ፦

ወንድሜ መምህር፣ የአጎቷን ሐሳብ አይናቁት። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስንቱ የሐበሻ ልጅ የሁለት ዓመት ትምህርት ከሚሰጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ መሐንዲስ ሆኗል። ዋጋው ከዩኒቨርሲቲው በጣም ያነሰ ነው። ቤተሰብ ጋ ትኖራለች፣ እንጀራ ትበላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ቅርቧ ነው። ያልታወቀ ገጠር ውስጥ በበረዶ ከምትቀር ይህ ይሻላታል።


ወለተ ወሎ፦

ወንድሜ፣ ያሉት መንገድ እውነት ነው፤ በግሪን ካርድ ወይም በዜግነት ለሚኖር ልጅ። የመምህር ልጅ የምትመጣው በተማሪ ቪዛ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው የግዛቱን ነዋሪ ዋጋ አያገኝም፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁም በሁለትና ሦስት እጥፍ ያስከፍላታል። ከግቢ ውጭ እንደልብ መሥራት አይፈቀድላትም፤ በትምህርት ወቅት የሚፈቀደው በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። አጎቷ ለቪዛው የሚያስፈልገው አይ 20 የተባለው ወረቀት እንዲወጣላት የባንክ ሒሳቡን ለኮሌጁ ማሳየት አለበት። ሁለቱ ዓመት አልቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትዛወር ደግሞ ለተዛዋሪ የውጭ ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ለአዲስ ገቢ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። አጎትየው አራቱን ዓመት ሊሸከም የሚችል ከሆነ መልካም። የማይችል ከሆነ ልጅቷ ዲግሪዋን ሳትጨርስ ታቋርጣለች፤ በፍቅር የተጀመረው ነገር በቤተሰብ ጠብ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

አጎቷ በሌላ መንገድ ይርዳ። በካርዱ የፈተናና የማመልከቻ ክፍያዎችን ይክፈል፤ ከአገር ቤት በዶላር መክፈል አስቸጋሪ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዕረፍት ጊዜ ቤቱን ይክፈትላት። እንጀራውም ያኔ ይደርሳታል።


መምህሩ ከማርቆስ፦

እህቴ ወለተ ወሎ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዚያ ሰው ምንም አልከፈልኩም፤ አልከፍልምም።

ልጄ ሠንጠረዡን መሥራት ጀምራለች። በርክሌይን ስታወጣ ትንሽ ከፍቷት ነበር። እኔም የታሪክ ሰው ነኝና የዶክተር መላኩ በያንን ነገር አነሣሁላት። ከመጀመሪያዎቹ በአሜሪካ ከተማሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ኦሃዮ ውስጥ በመንደር በምትመስል ከተማ ባለው መስኪንገም በተባለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ተነሥተው በ1935 እ.ኤ.አ. ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም የኢትዮጵያን ጉዳይ ለጥቁር አሜሪካውያን ያሰሙት እርሳቸው ናቸው። ስለ ኮሌጁ ትንሽነት ከዚያ ወዲህ አላነሣችም።

የቀሩኝን ጥያቄዎች ልጻፍ። ስንት ኮሌጅ ይበቃል? ክፍያውንስ እንዴት እናድርግ? በማመልከቻው ላይ ቤተሰቡ በዓመት ስንት መክፈል ይችላል ይላል፤ ትንሽ ከጻፍን አይጥሏትም? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዋስ? ባለቤቴ ደግሞ፣ «ጾሙን ምን በልታ ልትጾም ነው?» እያለች ነው። የሴቶች ኮሌጅ መኖሩን ስትሰማ ግን ደስ ብሏታል።


ወለተ ወሎ፦

መምህር፣ ከባለቤትዎ ልጀምር፤ ጥያቄያቸው የእናቴም ጥያቄ ነበር። በኮሌጅ የመመገቢያ አዳራሽ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ምግብ በየቀኑ አለ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ የማይበሉ አሜሪካውያን ተማሪዎች ብዙ ስለሆኑ። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ አይጠፋም። ዐቢይ ጾምን በሙሉ ጾሜያለሁ፤ ማንም አላስቸገረኝም። የሚከብደው ብቻን መጾሙ ነው። የማሳቹሴትሶቹ ስሚዝ፣ ማውንት ሆልዮክና አምኸርስት ከሌሎች ሁለት ጋር አምስት ሆነው ስለሚተባበሩ፣ የአንዱ ተማሪ በሌላው ግቢ ኮርስ መውሰድ ይችላል፤ በመካከላቸው ለተማሪ ነጻ አውቶቡስ ይመላለሳል። በትንሽ ኮሌጅ ብቸኛዋ ኢትዮጵያዊት ብትሆን እንኳ በሚቀጥለው ግቢ ሌሎች ታገኛለች።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል። ሃያውን አትሙላ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ተጨማሪ ድርሰት ይጠይቃል፤ በአንድ ሌሊት የተጻፈ ድርሰት ራሱ ይናገራል። እኔ ብሆን ከ10 እስከ 12 እይዛለሁ። ከጠባቦቹ በሮች ሁለት ወይም ሦስት፤ የራሱ ማመልከቻ ያለውን ኤም አይ ቲን ከወደደችው ትያዝ፤ የፊዚክስ ልጅ ናትና። የቀሩት ሁሉ ከሠንጠረዧ የወጡ፣ የሚከፍሉ ኮሌጆች ይሁኑ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲን የአቡዳቢ ግቢም ትመልከት፤ ምህንድስና አለው፣ ለውጭ ተማሪ ለጋስ ነው፣ ዲግሪው የኒው ዮርኩ ነው፤ ከአዲስ አበባም ቅርብ ነው።

ክፍያ፦ ስሚዝ፣ ዌልስሊና ግሪኔል ለማመልከቻ ምንም አያስከፍሉም። ለሌሎቹ በኮመን አፕ ውስጥ የክፍያ ነጻ መብት መጠየቂያ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያረጋግጥላታል። የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። ይህንም መክፈል እንደማትችሉ ለኮሌጁ በትሕትና ብትጽፍ አንዳንዶቹ የነጻ መጠቀሚያ ኮድ ይልካሉ፤ አንዳንዶቹም በምትኩ በነጻ የሚሞላ ቅጽ ይቀበላሉ። ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው ዱኦሊንጎ ከቶፌልና ከአይኤልትስ ይረክሳል፤ ቤት ተቀምጣ ትፈተናለች፤ መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ቦታ ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሆነውን ኤስ ኤ ቲን ሃርቫርድ፣ ኤም አይ ቲ፣ ዳርትመዝና ብራውን መልሰው ግዴታ አድርገውታል፤ ስሚዝና ቦውዶይን አይጠይቁም። ቦውዶይንማ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የተወው። በኤስ ኤ ቲ ምክንያት አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ካልተቻለ ዝርዝሩን ከማይጠይቁት ብቻ መሥራት ይቻላል።

የገንዘቡን ጥያቄ በተመለከተ፣ እውነቱን ይጻፉ። ገቢያችሁ በዛሬ ምንዛሪ በዓመት ከ2 ሺህ ዶላር በታች ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በነበረው 57 ብር ተመን እንዳትመነዝሩት፤ ከእጥፍ በላይ ሀብታም አድርጎ ያሳያችኋል። «5 ሺህ ዶላር እንከፍላለን በሉ፣ ቅበላው ይቀላል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ኮሌጁ የተጻፈውን አምኖ በየዓመቱ 5 ሺህ ዶላር ይጠይቃችኋል። የቪዛ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው መኮንንም ከየት ታመጣላችሁ ይላል። አውሮፕላኑን፣ 185 ዶላር የቪዛውን፣ 350 ዶላር ሴቪስ የተባለውን የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ አሁን ማሰብ ጀምሩ፤ ብዙ ኮሌጆች እነዚህን አይሸፍኑም።

ጊዜው እንዲህ ነው፦ የቅድሚያ ውሳኔ ማመልከቻ በብዙዎቹ ጥቅምት 22 ወይም ኅዳር 6 ይዘጋል፤ መደበኛው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ባሉት ሁለት ሳምንታት። ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ ምርጫውን የሚያሳውቀው እስከ ሚያዝያ 23 ነው። በቅድሚያ ውሳኔ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ ከተቀበለና በቂ ገንዘብ ከሰጠ መሄድ ግዴታ ነው። ድጋፍ መጠየቅን ለሚመዝኑት ኮሌጆች ይህ በር ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ ከልቧ የምትወደውን አንዱን ለዚህ ታውለው። ስሚዝ ይሁን ላፋዬት እርሷ ትወስን።

ብሔራዊ ፈተናው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነውና ዝግጅቷን አታቋርጥ። ቅበላ ብታገኝ እንኳ ኮሌጁ የዓመቱን መጨረሻ ውጤት ይጠብቃል፤ ባታገኝ ደግሞ የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ በሯ ነው።

የትምህርት ቤቱን ወረቀት እርስዎ ቢከታተሉት ደስ ይለኛል፤ ቤቱን ያውቁታልና። አሜሪካዊው አንባቢ 92 ከመቶ በእናንተ ትምህርት ቤት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ በአንድ ገጽ ይጻፉለት፦ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለው፣ ከ90 በላይ የሚያገኙት ስንት እንደሆኑ፣ ቤተ ሙከራ መኖር አለመኖሩን። የሒሳብና የፊዚክስ መምህሮቿ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉላት፤ እርስዎ አባት ነዎትና መጻፍ አይችሉም። የፊዚክስ መምህሯ ያን የድምፅ ማጉያ ታሪክ ከነዝርዝሩ ይጻፈው፤ «ታታሪና ሥነ ምግባር ያላት» ከሚለው አንድ ገጽ ይበልጣል። ስሟም በእንግሊዝኛ ፊደል በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው አንድ ዓይነት ሆኖ በሁሉም ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በአንዱ ሁለት ኤስ፣ በሌላው አንድ ኤስ ከሆነ ሰነዶቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ እዚህ ይለጥፉት፤ እያንዳንዱን ኮሌጅ አብረን እናየዋለን።


መምህሩ ከማርቆስ፦

ርዕሰ መምህሩን ዛሬ አነጋገርኳቸው፤ አንዱን ገጽ በዚህ ሳምንት እንጽፈዋለን ብለዋል። ልጄ እስከ አሁን ዘጠኝ ኮሌጆችን መዝግባለች፤ ስሚዝን ከላይ አድርጋዋለች። የላፋዬትን ቁጥር 6 ማግኘት አልቻለችም፤ የት ታገኘዋለች?


ወለተ ወሎ፦

የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የተቋማዊ ጥናት ቢሮ የሚል ክፍል አለ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ በፒዲኤፍ ይቀመጣል። ከሌለ በቀጥታ ለቅበላ ቢሮው ትጻፍ፦ «ባለፈው ዓመት ስንት የውጭ አገር አዲስ ገቢ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ አገኙ? አማካዩስ ስንት ነው?» አጭር ይሁን፤ ራሷ በራሷ ኢሜይል ትጻፈው። መልሱ ሲመጣ ወዲህ አምጡት።